ፋፍሳ ያላየውን ችግር ቢሮ ሄደን ስንናገር

ባለፈው ኦገስት የልጄ ኮሌጅ የላከው ቢል 2,410 ዶላር ይላል። ብድሩም እርዳታውም ተቀንሶ የቀረ፣ ያውም ለአንድ ሴሚስተር። ቀኑ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ካልተከፈለ የተመዘገበችባቸው ትምህርቶች ይሰረዛሉ። ባለቤቴ ወገቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ኡበር መንዳት አቁሟል። እኔ አረጋውያን ቤት ማታ ማታ እሠራለሁ። ደሞዜ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን ኪራይ ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለአስቤዛ ነው።

ኮሌጅ ልጅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ፋፍሳን ያውቃል። ከፋፍሳ በኋላ ሌላ በር እንዳለ ግን እኛ ሰፈር የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቅጹንም፣ ቢሮውንም፣ ያገኘነውንም እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት ለተማሪ የሚሰጠውን እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ ነው። ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ የሚባለው የመንግሥት ዌብሳይት ላይ ይሞላል። ነጻ ነው። ነጻ መሆኑን ደግሜ የምናገረው የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ሰው 150 ዶላር ተቀብሎኝ ስለሞላልኝ ነው። አካውንቱን ሲከፍት በእኔ ኢሜይል ፈንታ የራሱን አስገብቶ ነበር። በዓመቱ ልግባ ስል አልገባልኝ አለ። ለማስተካከል ሁለት የዕረፍት ቀኖቼን ስልክ ላይ ጨረስኩ። እባካችሁ አካውንታችሁን ራሳችሁ ክፈቱ፤ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጃችሁ አጠገባችሁ ይቀመጥ።

ቅጹ ራሱ ከድሮው ይሻላል። ለ2024–25 የትምህርት ዘመን እንደ አዲስ ሲሠራ ጥያቄው ቀንሷል። ወላጅ የራሱን አካውንት ይከፍታል፣ ፈቃዱን ይሰጣል፣ የታክሱ ቁጥር ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይ አር ኤስ በቀጥታ ይመጣል። እኔና ባለቤቴ ታክስ አብረን ስለምናስገባ የአንዳችን አካውንት በቂ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ግን መከራ ነበር። ሁሌ ኦክቶበር ላይ የሚከፈተው ቅጽ በ2023 ዲሴምበር መጨረሻ ነው የተከፈተው። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች ደግሞ ለወራት መግባት አቅቷቸው ነበር። ሁለተኛውን ዓመት እኔና ልጄ ቡና እየጠጣን በአርባ ደቂቃ ጨረስነው።

ትልቁ ጉድለቱ ሌላ ነው። ፋፍሳ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። የ2025–26ቱ ቅጽ የሚያየው የ2023ን ታክስ ነው። በ2023 እኔም ባለቤቴም እንሠራ ነበር፤ የሁለታችን ገቢ 78 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ባለቤቴ መንዳት ያቆመው ኦክቶበር 2024 ነው። አሁን የሚገባው የእኔ 37 ሺህ ብቻ ነው። ቅጹ ይህን በምን ያውቃል? ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ እርዳታ በዚያ ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ለልጄ የመጣላት 740 ነው። ከሚሰጠው ሁሉ ትንሹ ማለት ነው።

ብድሩንም አሟጣ ወስዳለች። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በራሷ ስም ከመንግሥት መበደር የምትችለው እስከ 6,500 ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ ወለዱን መንግሥት እየከፈለላት የምትቆየው ቢበዛ 4,500ው ላይ ነው። የቀረው ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ይወልዳል። ሌላም ልንገራችሁ። ድሮ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ያለው ቤተሰብ ሒሳቡ ይቀልለት ነበር፤ አዲሱ ቅጽ ይህን ትቶታል። ትንሹ ልጄ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ከአሁኑ ያሳስበኛል።

እኛ ቤት ችግር አይወራም። እናቴ ጎረቤት ሲመጣ ባዶ ድስት ጥዳ እሳት የምታነድ ሴት ነበረች። እኔም የእሷ ልጅ ነኝ። ቢሉ ሲመጣ ያደረግሁት እቁባችን ውስጥ ያለች ጓደኛዬ ተራዋን እንድትለቅልኝ መለመን ነው። እሷም አላሳፈረችኝም፤ ከደረሳት ላይ 500 ዶላር ቀድማ ሰጠችኝ። ኮሌጁ በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይፈቅዳል፤ በ500ው መጀመሪያውን ከፍለን ትምህርቶቹ እንዳይሰረዙ አደረግን።

ሌላውን በር ያሳየችኝ ከእኔ ጋር ማታ የምትሠራ ሳልቫዶራዊት ናት። ሦስት ልጆች አስተምራለች። «ቅጹ ባልሽ መታመሙን አያውቅም። ሄደሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ስሙ «ስፔሻል ሰርከምስታንስ» ይባላል። ሥራ ያጣ፣ ገቢው የቀነሰ፣ የታመመ፣ የተፋታ፣ ሰው የሞተበት ቤተሰብ ጉዳዩን ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በማስረጃ ማቅረብ ይችላል። ሕጉ ለቢሮው ሠራተኞች ጉዳዩን ለየብቻ አይተው ቅጹ ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያስተካክሉ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። ውሳኔው የኮሌጁ ነው፤ ዋሽንግተን ይግባኝ አይባልበትም።

መጀመሪያ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ «ሁሉም ዌብሳይቱ ላይ አለ» ብሎ ዘጋው። በዚህ በጣም ነው የከፋኝ። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ የሚደውል ሰው ዌብሳይት ቢገባው ኖሮ አይደውልም። በማግስቱ ከሥራ ወጥቼ ሳልተኛ ከልጄ ጋር በአካል ሄድን። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ግን ሌላ ሰው ናት። ቢሉን አየችውና አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፦ «ከ2023 ወዲህ ምን ተለወጠ?» ያን ያህል ነው። ልጄ ስትነግራት ወረቀት አውጥታ የሚያስፈልገውን ጻፈችልን። የሐኪም ደብዳቤ፣ ባለቤቴ መንዳት ማቆሙን የሚያሳይ የኡበር ማስረጃ፣ የቅርብ ጊዜ ፔይስተቦቼን (የደሞዝ ወረቀቶቼን)፣ ታክሳችንን፣ እና የሆነውን በራሳችን ቃል የሚያስረዳ ደብዳቤ።

ደብዳቤውን ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጻፍነው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፤ ልጄ ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች ላፕቶፗ ላይ ትጽፋለች። ሽሮ ጥጄ ነበር።

«ኪራይ ያለፈን ስንት ወር ነው?» አለች።

«ሁለት።»

እጇ ቆመ። «ዲሴምበር ላይ የላክሽልኝ ሦስት መቶ ከየት ነበር ማሚ?»

«ጻፊ ዝም ብለሽ የኔ ልጅ» አልኳት።

ጻፈች። ከዚያ ሳታየኝ አንድ መስመር ጨመረች። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። እንግሊዝኛ የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ ያን መስመር ግን አልሳትኩትም። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ነው የምበላው ይላል። ኮሌጁ አጠገብ ከሦስት ልጆች ጋር ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። በየእሁዱ ስትመጣ በምግብ ፌስታል ሞልቼ እልክላታለሁ። እሱን አራት ሆነው ሰኞ ማታ ይጨርሱታል ለካ። ሽሮው አረረ። ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ «ምን ይሸታል?» ሲል ሁለታችንም መልስ አልሰጠነውም።

ወረቀቱን አስገባን። ቢሮው ስድስት ሳምንት ፈጀ። የሐኪሙን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጠየቁን፤ የመጀመሪያው ሲስተማቸው ላይ አልታይ ብሏቸው ነው። ኮፒ ይዤ ስለነበር እንጂ ሌላ ሁለት ሳምንት ይጨመር ነበር። በዚህ መሀል ያቺው የመስኮቷ ሴትዮ ድንገተኛ ችግር ለገጠመው ተማሪ ኮሌጁ የሚሰጠው ትንሽ ገንዘብ እንዳለ ነገረችን። የአንድ ገጽ ቅጽ ነው። በአምስተኛው ቀን 600 ዶላር ገባላት፤ አይመለስም። ካየሁት ሁሉ ፈጣኑና ክብር ያለው ይኸ ነው። ኮሌጆች በብዛት እንዲህ ያለ ገንዘብ አላቸው፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ግቢው ውስጥ ተማሪ በነጻ ምግብ የሚወስድበት ክፍልም አለ። መታወቂያ ማሳየት ብቻ ነው። ሩዝ፣ ሽንብራ በቆርቆሮ፣ ኦትሚል፣ እንቁላል። ልጄ መጀመሪያ ሄዳ ከበሩ ተመለሰች። በሁለተኛው ሳምንት ከክፍል ጓደኛዋ ጋር ገቡ። ለምግብ የሚሰጠውን የስናፕ ካርድም ጠይቃለች። ተማሪ ለስናፕ ብዙ ጊዜ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ወይም ወርክ ስተዲ የሚባለው፣ እንደ እርዳታ የሚሰጥ የተማሪ ሥራ ውስጥ መሆን አለበት። እሷ ላይብረሪ ውስጥ ወርክ ስተዲ ስለያዘች ተፈቀደላት።

ኦክቶበር ላይ ኢሜይሉ መጣ። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የደወለችልኝ። ፔሏ ከ740 ወደ 7,395 ወጥቷል። ሙሉውን ሰጧት። የቀረው የሴሚስተሩ ዕዳ ተዘጋ፤ ተርፎም ከ1,400 ዶላር በላይ ተመለሰላት። 500ውን በማግስቱ ለእቁብ ጓደኛዬ መለስኩ። የቀረው ለክፍሏ ኪራይ ሆነ።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለቅጹ ከአሥር ስድስት እሰጠዋለሁ። ለስልኩ ሁለት። ለመስኮቷ ሴትዮ አሥር፤ ስሟን ባውቅ ኖሮ አመስግኜ ለአለቃዋ እጽፍ ነበር።

ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይህን ስናገር ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ወረቀት ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣም ቢሆን፣ ፋፍሳ መሙላት ይችላል። ጥገኝነት የተፈቀደለትም እንዲሁ። የጥገኝነት ኬዙ ገና ያልተወሰነለትና ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድ ያለው ግን የፌዴራሉን እርዳታ አያገኝም። ሜሪላንድ የሚኖር ከሆነ ለእነሱ የግዛቱ የራሱ ማመልከቻ አለ። የኮሌጁ የድንገተኛ ገንዘብ እንደየኮሌጁ ስለሆነ እሱንም ጠይቁ።

የሚቀጥለው ዓመት ቅጽ የሚያየው የ2024ን ታክስ ነው። በ2024 ባለቤቴ ዘጠኝ ወር ነድቷል። ስለዚህ ቁጥሩ አሁንም ከእኛ ኑሮ ጋር አይገጥምም፤ እንደገና ሄደን መናገራችን ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ፣ የኡበሩን ማስረጃ፣ ፔይስተቦቹን፣ ሁሉንም ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጌ በቢጫ ፖስታ ፍሪጁ ላይ አስቀምጫለሁ። ደብዳቤውን ዘንድሮ ባለቤቴ ራሱ ይናገራል ብላለች ልጄ። እሁድ ስትመጣ እንጽፈዋለን።