ማይክሮቲክ ሄክስ ለቢሮ ቪፒኤን፦ «ኔትወርኩ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከስታዲየም እስከ ቦሌ መንገድ ባሉት ፎቆች የአንድ መካከለኛ ድርጅት የኔትወርክ ካቢኔ ሲከፈት፣ ከስዊቹ ጎን የተቀመጠችው ባለ አምስት ወደብ ትንሽ ሣጥን ብዙ ጊዜ ማይክሮቲክ ሄክስ ናት። መጀመሪያ የምትገዛው ኢንተርኔት ለማከፋፈል ነው። ሥራ አስኪያጁ «ከቤት ሆኜ ፋይሌን ማየት እፈልጋለሁ» ባሉ ማግስት ግን የቪፒኤን (ከውጪ ሆኖ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ ግንኙነት) ሰርቨርም ትሆናለች፤ ቅሬታውም ያኔ ይጀምራል። ይገናኛል ግን ይንቀረፈፋል፣ ወይም ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። እዚህ የምንገመግማት በዚህኛው ሥራዋ ብቻ ነው።

ፍርዱን እናስቀድም። ከአሥር እስከ ሃያ ሰው በቪፒኤን ለሚገባበት ቢሮ ሄክስ ትበቃለች፤ በዋጋዋ ከሷ የተሻለ ማግኘትም ይከብዳል። ነገር ግን ከካርቶን አውጥተው ሰክተው የሚረሷት ዕቃ አይደለችም። «ማይክሮቲክ ቪፒኤን አይችልም» ከሚባሉት ቦታዎች አብዛኞቹ ላይ የሚገኘው ስህተት ያው ነው፦ ያልተገባ ፕሮቶኮል፣ ያልተለካ ኤምቲዩ (መንገዱ ሳይቆራርጥ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን)፣ ወደ ኋላ የቀረ ሰዓት።

የምንናገረው ስለ አርቢ750ጂአር3 ነው። ባለ ሁለት ኮር 880 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራም፣ 16 ሜጋባይት ፍላሽና አምስት የጊጋቢት ወደቦች አሏት፤ ዋይፋይ የላትም። ባለ 512 ሜጋባይት ራሟ አዲሷ ሄክስም በዚሁ ስም ስለምትሸጥ፣ ሻጩ «ሄክስ ነው» ሲላችሁ ገልብጣችሁ የሞዴል ቁጥሩን አንብቡ። ለመብራታችን ጠባይ ደስ የሚለው የኃይል አቀባበሏ ነው፦ ከ8 እስከ 30 ቮልት ያለውን ዲሲ ትቀበላለች። ስለዚህ ለዋይፋይ ራውተር በሚሸጠው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ላይ በቀጥታ ትሠራለች። የፋይበሩን መስመር የሚቀበለው ሣጥን፣ ኦኤንቲም ዩፒኤስ ላይ መሆን አለበት፤ ሄክስ በርታ ኦኤንቲው ከጠፋ ትርፉ ምንም ነው። የማይወደድላት ፍላሿ ነው። 16 ሜጋባይት ለማይክሮቲክ ስርዓተ ክወና፣ ለራውተርኦኤስ 7፣ ጠባብ ናት፤ ትርፍ ፓኬጅ ከተጫነባት ቀጣዩ ማሻሻያ ቦታ አጥቶ ይቆማል።

አሁን ወደ ዝግመቱ። «ቪፒኤኑ ቀርፋፋ ነው» ሲባል ጥፋተኛው መስመሩ፣ ሣጥኗ ወይም ታነሉ (ቪፒኤኑ የሚፈጥረው የተመሰጠረ መተላለፊያ) ሊሆን ይችላል፤ ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። መለየቱ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ ከሠራተኛው ቤት ወደ ቢሮው ፐብሊክ አይፒ መቶ ጊዜ ፒንግ አድርጉ። ከዚያ ቪፒኤኑን አብርታችሁ ወደ ሄክስ የውስጥ አድራሻ ያንኑ ድገሙ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ መሆን አለበት። ሁለቱም ላይ ፓኬት የሚጠፋ ከሆነ ጣጣው የመስመሩ ነው፤ ለኢንተርኔት አቅራቢው የሚቀርበው ማስረጃም ይኸው ውጤት ነው። በታነሉ ውስጥ ብቻ ከጠፋ ሥራው የእናንተ ነው።

ፍጥነቱን ለመለካት አይፐርፍ3 የተባለውን የመለኪያ ፕሮግራም ቢሮ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ አስነሱ። ሄክስ ላይ ያለውን የባንድዊድዝ ቴስት አትጠቀሙ፣ ራሱ ፕሮሰሰሩን ስለሚበላ ውጤቱን ያበላሻል። በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ከቤት ሆኖ ፋይል የሚያወርድ ሰው የሚጠቀመው የቢሮውን የመላኪያ ፍጥነት ነው። ማውረጃው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ የሆነ ፓኬጅ ያለው ቢሮ የፈለገውን ራውተር ቢገዛ ከመላኪያው ጣሪያ አያልፍም። በዚያ ላይ አምስት ሰው አንድ ላይ ሲገባ ለየድርሻው የሚተርፈውን አስቡት።

ሣጥኗን ለመፈተሽ በማይክሮቲክ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም፣ በዊንቦክስ፣ ሲስተም፣ ሪሶርስስ፣ ሲፒዩ ግቡ። ሁለቱ ኮሮች አራት ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ አንዱ ብቻ መቶ በመቶ ሲሞላ የፊት ገጹ ላይ የሚታየው ድምር 25 በመቶ አካባቢ ነው፤ ያን አይቶ «ሲፒዩው ሥራ ፈት ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ኦፕንቪፒኤን የተባለው የቪፒኤን ፕሮቶኮል በዚህች ሣጥን ላይ የሚንቀረፈፈው እንዲህ ነው፤ አንዱን ጨርሶ ሌሎቹን ሳይነካቸው ይቀራል።

ስለ ፕሮቶኮል ምርጫው ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ፒፒቲፒ ምስጠራው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ካለ አጥፉት። ኦፕንቪፒኤን በራውተርኦኤስ 6 ላይ በቲሲፒ (የጠፋ ፓኬትን ደግሞ በሚልከው ፕሮቶኮል) ብቻ ነው የሚሠራው። ቲሲፒ በቲሲፒ ውስጥ ሲጓዝ አንድ ፓኬት በጠፋ ቁጥር ሁለቱም ደረጃዎች ድጋሚ ለመላክ ይሽቀዳደማሉ፣ ትንሽ የሚያንጠባጥብ መስመር ወደ ሙሉ መቆም ይለወጣል። ስሪት 7 ድጋሚ የማይልከውን ዩዲፒን ቢጨምርለትም ሄክስ ላይ ቀርፋፋነቱ አልለቀቀውም።

ዋየርጋርድ ለሠራተኛ መግቢያ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ስሪት 7 ይፈልጋል፣ የሚከፈተው አንድ የዩዲፒ ወደብ ብቻ ነው፣ ማይክሮቲክ በራሱ የሚሰጠው 13231ን ነው። ሁለት ቅርንጫፎችን፣ ለምሳሌ የሜክሲኮውን ቢሮ ከቃሊቲው መጋዘን ጋር በቋሚነት ለማገናኘት ደግሞ አይፒሴክ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሄክስ ለእሱ የተሠራ የምስጠራ ሃርድዌር አላት። አምራቹ 470 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ይላል። ይህ የሚገኘው ግን ኤኢኤስ ሲቢሲን ከሻ1 ወይም ከሻ256 ጋር ስትመርጡ ነው። «ዘመናዊው ይሻላል» ብላችሁ ጂሲኤም የተባለውን የምስጠራ ዓይነት ከመረጣችሁ ሥራው ከሃርድዌሩ ወርዶ ተራው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል።

አይፒሴክ ላይ አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ፋስትትራክ። ፓኬቱን በአቋራጭ ስለሚያሳልፈው የአይፒሴክ ፖሊሲው ሳይነካው ያልፋል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ ታነሉ ተገናኝቷል ይላል፣ ፒንግ አንዳንዴ ይሄዳል፣ ፋይል ግን ይንገታገታል። ፋብሪካው የሚሰጠው ፋየርዎል ከፋስትትራክ በላይ ሁለት የአይፒሴክ ማሳለፊያ ሕጎች አሉት። ችግሩ የሚመጣው ያንን ጠርጎ ከዩቲዩብ በተቀዳ ኮንፊግ የተካ ሰው ሲኖር ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ኤምቲዩ ነው፤ ምልክቱን ማወቅ ግማሽ መፍትሔ ነው። ፒንግ በደንብ ይሄዳል፣ ቪፒኤኑ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ትንሽ የዎርድ ፋይል ይከፈታል፣ ትልቅ ኤክሴል ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሪሞት ዴስክቶፕ የይለፍ ቃል ተቀብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። ይህን ያየ ሰው ስለ ፍጥነት ማሰቡን ትቶ ስለ ፓኬት መጠን ያስብ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የኢተርኔት ጣሪያ 1500 ባይት ነው። መስመሩ በፒፒፒኦኢ (በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል በሚገናኝ አሠራር) የሚገባ ከሆነ 8 ባይት ተቀንሶ 1492 ይቀራል። ዋየርጋርድ በአይፒቪ4 ላይ ለመጠቅለያው 60 ባይት ይወስዳል፤ 1432 ይቀራል። ራውተርኦኤስ የሚያስቀምጠው 1420 ስለሆነ ከቢሮው በኩል ችግር የለም። ችግሩ ያለው በስልክ ሆትስፖት የሚገባው ሠራተኛ ጋ ነው፤ በሞባይሉ መንገድ ላይ የሚያልፈው መጠን ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ጠባቡ ቦታ ላይ ያለው ራውተር «ይህ ፓኬት በዝቷል» ብሎ መልስ መላክ ነበረበት፣ ነገር ግን አንዱ ባለሙያ «ለደህንነት» ብሎ ይህ መልስ የሚሄድበትን ፕሮቶኮል፣ አይሲኤምፒን፣ ዘግቶታል። ፓኬቱ ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል።

መለኪያው ቀላል ነው። ቪፒኤኑ ጠፍቶ በሠራተኛው ዊንዶውስ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ወደ ቢሮው ፐብሊክ አይፒ ፒንግ ይጻፍና ሰረዝ ኤፍ፣ ቀጥሎ ሰረዝ ኤል 1472 ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ያዛል፣ ሁለተኛው መጠኑን ይወስናል፤ 1472 የተባለው 28 ባይት ራስጌ ሲጨመርበት 1500 ስለሚሞላ ነው። ካላለፈ አሥር አሥር እየቀነሳችሁ ውረዱ። 1412 ላይ አለፈ እንበል፦ መንገዱ የሚችለው 1440 ነው፣ የዋየርጋርድ 60 ሲቀነስ 1380። ይህን ቁጥር በሁለቱም ጫፍ አስገቡ፤ አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ ማስገባት ችግሩን ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ያዞረዋል። ቀጥላችሁ በፋየርዎል ማንግል፣ በፎርዋርድ ሰንሰለት ላይ፣ የቲሲፒ ሲን ፓኬቶችን ይዞ ኤምኤስኤሱን (አንድ የቲሲፒ ፓኬት የሚይዘውን ትልቁን የዳታ መጠን) ወደ 1340 የሚቀንስ ሕግ ለዋየርጋርዱ ኢንተርፌስ በመግቢያም በመውጫም ጻፉ። ከኤምቲዩው 40 የተቀነሰው ለአይፒና ለቲሲፒ ራስጌ ነው።

መቆራረጡ የተለየ ጉዳይ ነው። ሥራ ሳይሠራ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ የሚሞት ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ የናት (ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ አይፒ የሚያወጣው አሠራር) ማህደረ ትውስታ ችግር ነው፤ መካከል ላይ ያለው ራውተር ዝም ያለ የዩዲፒ መንገድን ይረሳል። በደንበኛው በኩል ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭን 25 ሰከንድ ማድረግ ይበቃል። ጭራሽ ካልተገናኘ ግን ሄክስ በውጪ ወደቧ የያዘችውን አይፒ ተመልከቱ። 192.168.100 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ኦኤንቲው ራሱ ራውተር ሆኖ ሠርቷል ማለት ነው፤ ወይ መስመሩን እንዳለ ለሄክስ የሚያሳልፍበት ብሪጅ ሞድ ላይ ይደረግ፣ ወይ ወደቡ ወደ ሄክስ ይመራ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ከአቅራቢው የጋራ ናት ጀርባ ናችሁ። ወደብ መክፈት ምንም አይፈይድም፤ ፐብሊክ አይፒ መጠየቅ ግድ ነው።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብቻ የሚከሰት ብልሽት ደግሞ ልዩ ነው፤ «ሲስተም የለም» ተብሎ ግማሽ ቀን የሚያልፈው በዚህ ነው። ሄክስ የሰዓት ባትሪ የላትም፤ ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቷ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰርተፍኬት የሚጠቀሙት አይኬኢቪ2 (የአይፒሴክ መግቢያ አሠራር) እና ኦፕንቪፒኤን «ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» ብለው እምቢ ይላሉ። ዋየርጋርድ ላይ ያለው ይበልጥ ድብቅ ነው፦ መጨባበጫ ጥያቄው የሰዓት ማህተም ይይዛል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ከዚህ በፊት ካየው የቆየ ማህተም ከመጣ እንደ ተደገመ አሮጌ ፓኬት ቆጥሮ ይጥለዋል። ስለዚህ መብራት የጠፋበት የመጋዘኑ ሄክስ ሰዓቱ እስኪስተካከል ወደ ዋናው ቢሮ አይገባም፣ ሎግም ብዙ አይናገርም። መድኃኒቱ ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ኤንቲፒ ደንበኛ ማብራት ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የኤንቲፒ ሰርቨሩም ዲኤንኤሱም በታነሉ በኩል የሚገኙ መሆን የለባቸውም፤ ታነሉ ሰዓት ይጠብቃል፣ ሰዓቱ ታነል ይጠብቃል።

ቋሚ አይፒ የሌለው ቢሮ በማይክሮቲክ ክላውድ የሚሰጠውን ነፃ የዶሜን ስም መጠቀም ይችላል። የቢሮው አይፒ ሲቀየር ግን ዋየርጋርድ በላፕቶፕና በስልክ ላይ ስሙን የሚፈታው ሲበራ ብቻ ስለሆነ አጥፍቶ ማብራት ያስፈልጋል።

ቪፒኤኑ ፍጹም ሆኖም የማይፈታ ነገር አለ፦ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ። የሒሳብ ክፍሉ ፒችትሪን ከቤት በተጋራ ድራይቭ ሲከፍት ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ፋይል ጋር እጅግ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። አንድ መስኮት ለመክፈት 500 ምልልስ ያስፈልጋል ብንል፣ ቢሮ ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። 60 ሚሊሰከንድ በሚዘገይ መንገድ ግን 30 ሰከንድ ነው፤ የፍጥነት ፓኬጁን እጥፍ ማድረግ ይህን ቁጥር አይቀንሰውም። ይባስ ብሎ ሲጻፍ መስመሩ ከተቋረጠ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ትክክለኛው መንገድ በቪፒኤን ገብቶ በሪሞት ዴስክቶፕ ቢሮው ያለውን ኮምፒውተር መጠቀም ነው። ዊንዶውስ ፕሮ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል፤ ለሦስት ሒሳብ ሠራተኛ ዊንዶውስ ሰርቨርና ፈቃዱ ሊገዛ ነው። የሪሞት ዴስክቶፑን ወደብ 3389ን በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ግን በምንም ምክንያት አይደረግም።

ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚንቀረፈፍ ከሆነ አንዱ ሠራተኛ ትልቅ ፋይል እየጫነ መላኪያውን ሞልቶታል። ስሪት 7 ላይ ያለው ኬክ የተባለው የወረፋ ዓይነት ይህን ያስተካክላል፤ ጣሪያውን ከተለካው የመላኪያ ፍጥነት 90 በመቶ ገደማ ላይ አድርጉት። ፋስትትራክ ከበራ ግን ሲምፕል ኪው አይሠራም፤ «ኬክ ምንም አልለወጠም» የሚሉት ብዙዎቹ እሱን ሳያጠፉ ነው።

የቢሮው የውስጥ አድራሻ 192.168.1 ከሆነ ሄክስ ስትገዙ ቀይሩት። የብዙ ቤት ራውተር ያንኑ ስለሚጠቀም የሠራተኛው ላፕቶፕ የቢሮውን ሰርቨር እዚያው ሳሎን ውስጥ ይፈልገዋል።

ሄክስን ለማን አንመክርም? ሃምሳ ሰው በአንድ ጊዜ ለሚያስገባ፣ ወይም ድርጅቱ ኦፕንቪፒኤን ግዴታ ላደረገበት ቢሮ፤ እነሱ አርቢ5009ን ይመልከቱ። ያገለገለች ሄክስ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሻጩ ሱቅ ውስጥ እያለ ላፕቶፕ ይሰካባት፣ በዊንቦክስ ይግባና የፈቃድ ደረጃዋ 4 መሆኑን ይይ፤ ከዚያ በማይክሮቲክ የመጫኛ ፕሮግራም፣ በኔትኢንስቶል፣ ከባዶ ይጫናት። በ2018 በተገኘው የዊንቦክስ ክፍተት የተጠቁ አሮጌ ሣጥኖች ውስጥ የሌላ ሰው ተጠቃሚና ስክሪፕት ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። የዊንቦክስ መግቢያ የሆነው ወደብ 8291ም ከውጪ ይዘጋ፤ አስተዳዳሪው ራሱ በቪፒኤን ይግባ።