የቅዳሜ እንጀራ የዓርብ ነው

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወርዱ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ ሰሌዳ የሌለው የጾም ምግብ ቤት አለ። ያለው ስድስት ጠረጴዛ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፍስክ አይገባበትም፤ በፋሲካ ማግስት እንኳ የሚቀርብልዎ ሽሮ ነው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ እበላለሁና አስተያየቴ የአንድ ቀን እንግዳ አስተያየት አይደለም።

ሽሮው ደህና ነው። ጎመኑን ከልክ በላይ ያበስሉታል። በያይነቱ 200 ብር ነው፤ ጭማሪ እንጀራ አይታሰብም። የቤቱ ሙያ ግን ያለው በቀዝቃዛው ምግብ ላይ ነው። አዚፋው ምስሩ ሳይፈርስ በፍሬው ይቀርባል፤ ሰናፍጩ አፍንጫን ሰንፍጦ ዓይን ያስነባል፤ ቃሪያው በስሱ ተከትፎ ከላይ ይበተናል። ለሱፍ ፍትፍቱ የተወቀጠውን ሱፍ ሁለት ጊዜ ስለሚያጠልሉት ገለባ ጥርስ ላይ አይቀርም። በሌላ ቤት ሱፍ ፍትፍት በልቼ ስጨርስ ስንጥር እፈልጋለሁ፤ እዚህ ፈልጌ አላውቅም።

ቅሬታዬ የቅዳሜ እንጀራ ነበር። ዳሩ ደርቆ ይሰበራል። ለባለቤቲቱ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ! መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ አይጋገርም»። ስንፍና መስሎኝ ነበር።

ከመስቀል በኋላ አንዲት የሃያ አንድ ዓመት ወጣት አማርኛ ላስተምራት ጀመርኩ። እናቷ በዘመቻ ሰለሞን የሄደች ናት፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ልጅቷ ግን የተወለደችው እዚያው ነው። እዚህ የመጣችው በበጎ ፈቃደኝነት ለአሥር ወር ዕብራይስጥ ልታስተምር ነው፤ ተማሪዎቿ ዘመዶቻቸው ቀድመዋቸው ሄደው ለዓመታት ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ቤቷ ቅርብ ስለነበር ትምህርቱን በዚሁ ምግብ ቤት አደረግነው፤ ዓርብና ቅዳሜ። ቅዳሜ ሰንበቷ ስለሆነ እርሳስ አትይዝም፣ ገንዘብም አትነካም። ስለዚህ ሒሳቧን ዓርብ ትከፍልና ባለቤቲቱ በደብተሯ ላይ «የእስራኤሏ ልጅ፣ የነገ፣ ተከፍሏል» ብላ ትጽፋለች። የቅዳሜ ትምህርታችን ወሬ ብቻ ነው። ምግቧም እሳት ያልነካው ነው፤ ዓርብ የተሠራ አዚፋ በዓርብ እንጀራ። እኔ የደረቀውን ዳር ወደ ጎን ሳደርግ እሷ ከእኔ በኩል አንስታ ትበላዋለች።

(ኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ፣ ለሚጠብቁ፦ ቤቱ ምስክር ወረቀት የለውም። አንዳንድ ቀን ዓሣ ይጠበሳል። ልጅቷ መጀመሪያ የጠየቀችው «ክንፍና ቅርፊት አለው?» ብላ ነው። ቆሮሶ ብቻ ነው፣ አምባዛ አይገባም ተባለች። መጥበሻውን ግን ለብቻው ቢያደርጉት እላለሁ።)

አንድ ቀን ከተራ ጠባቂዎቹ ጋር ስለምትጸልይበት ጸሎት ቤት ስጠይቃት ስለ አንድ ወንበር ነገረችኝ። ሴቶቹ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ሲቀመጡ ለእሷ ባለ መደገፊያ ወንበር ይመጣላታል። የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቀዋት የአያቶቿን ስም ብትጠራም ማንም አላወቃቸውም። «ወንበሩ በጣም ይመቻል፤ አልወደድኩትም» አለችኝ። አማርኛዋ ገና ስለነበር የተሳሳተች መስሎኝ ላርማት ነበር።

በኋላ ከሴት አያቷ በስልክ እስከ ሰባት ቤት አስቆጥራ በዕብራይስጥ ፊደል ጽፋ መጣች። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አንብቢ አልኳት። አምስተኛው ስም በ«ጠ» የሚጀምር ነው፤ እሷ ግን «ተ» ትለዋለች። ዳዊት የደገመ ሰው ጤትና ታው ሁለት የተለያዩ የዕብራይስጥ ፊደላት መሆናቸውን ያውቃል፤ ዛሬ በእስራኤል ግን ሁለቱም እንደ «ተ» ይነበባሉ። እኔ ደግሞ በ«ጠ» የምታገሥ ሰው አይደለሁም። ምላስሽን ከላይ ጥርስሽ ሥር ለጥፊ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ልቀቂ። አሥር ጊዜ ያህል አስደገምኳት። በአሥረኛው ስሙ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ሰማው።

ጋጋሪዋ ማሰሻዋን እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራዋን ስበላ ፊቷን አይቼ አላውቅም ነበር።

«እስኪ እንደገና ጥሪው» አለች።

ልጅቷ ጠራችው።

«የወገራው?»

«አያቴ ወገራ ትላለች።»

ሴትዮዋ ቆማ የራሷን ወገን በጣቷ ትቆጥር ጀመር። የት ላይ እንደተገናኙ በቅጡ አልተከታተልኩም፤ ምጣዱ ላይ የተረሳው እንጀራ አርሮ ጭሱ ቤቱን ሞልቶት ነበርና። ያን ቀን ምሳችን አንድ ሰዓት ያህል ዘገየ፤ ይቅርታም የጠየቀን የለም።

ጋጋሪዋ ከተራ ጠባቂዎቹ ማኅበረሰብ መሆኗን የሰማሁት ያኔ ነው። ቅዳሜ እሳት አትነካም። ባለቤቲቱን ክርስቲያን ሆነሽ ሳለ ለቅዳሜ ሌላ ጋጋሪ ለምን አትቀጥሪም ብላት «የዚህችን እጅ ከየት አመጣለሁ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ከጸሎት በእግሯ መጣች። ገና ሳትቀመጥ «ጋሼ፣ ወንበሩን አላመጡልኝም!» አለችኝ። አግዳሚው ጠቧቸው ስለነበር ትከሻዋ ላይ የሰው ሕፃን ተኝቶባት እንደነበር በእጇ እያሳየች ነገረችኝ፤ «ጠቧቸው» ስትል «ጠ»ን አልሳተችም።

ቅዳሜ የምትሄዱ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ አዚፋው ያልቃል። የእንጀራው ዳር አሁንም ይሰበራል።