የጀርመን ወይስ የሮማ ካሞሚል? ለሻይ የትኛው፣ ለግቢ የትኛው

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ አካባቢ ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ካሞሚል ልትከል ብሎ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይመኛል። ማታ ማታ ሻዩን ሊጠጣ፣ በዚያው ደግሞ በሳር ፈንታ ግቢውን ሊያለብስ። ሁለቱን ሥራ እኩል የሚሠራ አንድ ተክል ግን የለም። ካሞሚል እየተባሉ የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ናቸው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት የቱን እንደምትገዙ ለዩ።

የጀርመኑ ዓመታዊ ነው። ቀጥ ብሎ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፣ ያብባል፣ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። የሮማው ለዓመታት ይቆያል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሰራጫል፣ ሲያብብም ከ30 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አበባቸው ይመሳሰላል፤ መሃሉ ቢጫ፣ ዙሪያው ነጭ። ለመለየት አንዱን አበባ ከላይ ወደ ታች በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ቢጫው ጉብታ ውስጡ ባዶ ከሆነና ጣፋጭ የፖም ሽታ ካለው የጀርመኑ ነው። ውስጡ ድፍን ከሆነ ወይ የሮማው ነው፣ ወይ ደግሞ በየማሳው ዳር የሚበቅል መሳይ አረም ነው። ሻጩ ስሙን በእርግጠኝነት ካልነገራችሁ እሱን ለሻይ አትግዙ።

ለሻይ ከሆነ ያለማመንታት የጀርመኑን እመርጣለሁ። አበባው ብዙ ነው፣ ጣዕሙም ለስለስ ያለ ነው። የሮማውም ይጠጣል፤ ግን ይመራል። የጀርመኑ ዘር በጣም ደቃቅ ነው፤ 1 ግራም ውስጥ ከ10,000 በላይ ፍሬ አለ። ስለዚህ ትንሽ እሽግ ይበቃችኋል። ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሱት። ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ መደቡ ላይ በትኑት፣ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት፣ ቀስ ብላችሁ አርከፍክፉበት። ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ከተዘራ ኅዳር መጨረሻ ገደማ ያብባል። ቀለል ያለ ውርጭ ይችላል። ለቀማው በበጋ ስለሚውል ደግሞ አበባው ሳይሻግት ይደርቃል።

ነጮቹ የአበባ ቅጠሎች ጠፍጣፋ ሆነው ሲዘረጉ ነው የሚለቀመው። ጤዛው ከጠፋ በኋላ ረፋድ ላይ ጣቶቻችሁን ከፈት አድርጋችሁ ከአበባው ሥር አስገቡና ወደ ላይ ሳቡ። ራስ ራሱ ተቆርጦ መዳፋችሁ ላይ ይቀራል። ሰፌድ ላይ በስሱ አስጡት፤ ጥላ ውስጥ ይሁን። ፀሐይ ላይ ከዋለ ሽታው ይጠፋል። 5 ኪሎ እርጥብ አበባ ሲደርቅ ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ለአንድ ኩባያ ከ1 እስከ 2 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የፈላ ውሃ አፍስሳችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክደኑት፤ ካልተከደነ ሽታውን የሚሰጠው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል።

አልፎ አልፎ ብቻ የምትጠጡ ከሆነ ግን መደብ መቆፈሩ ምን ያደርጋል? ደረቁን ግዙ። ያልደቀቀ፣ ሙሉ አበባው የሚታየውን፣ ሲከፈት የሚሸተውን ምረጡ።

ወደ ግቢው እንምጣ። እዚህ የሮማው ነው የሚሆነው፤ በተለይ ትሬኒግ የሚባለው ዓይነት። አያብብም፣ አጭር ነው፣ ሲረግጡት ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። ስለማያብብ ዘር የለውም፤ የሚራባው በመገንጠል ነው። የትሬኒግ ዘር አለ የሚላችሁ ሰው ሌላ ነገር እየሸጠላችሁ ነው። ሂሳቡንም አስቀድማችሁ ሥሩ። በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል 1 ካሬ ሜትር ወደ 44 ችግኝ ይፈልጋል፤ 10 ካሬ ከ440 በላይ። የአንዱን ዋጋ አባዙትና እዩት።

ከዚያ በኋላም ሥራ አለው። የሰፊ ቅጠል አረም መድኃኒት ካሞሚሉንም ስለሚገድለው አረሙ በእጅ ነው የሚነቀለው። በበጋ ውሃ ይፈልጋል። የሰንዳፋው ዓይነት ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ክረምት ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል፤ መደቡን በአሸዋና በኮምፖስት ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ብዙ እግርም አይችልም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ከሆነ ሰርዶውን አትንኩት። እኔ የሮማውን የምመክረው ለትንሽ ቦታ ነው፤ ከመቀመጫ ሥር ወይም በመርገጫ ድንጋዮች መሃል፣ 2 ወይም 3 ካሬ። እሱንም ሰኔ መጨረሻ ላይ ትከሉት፤ ዝናቡ ያቋቁመዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ካሞሚል ሆድ ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያመጣል ተብሎ ይጠጣል እንጂ የሐኪም መድኃኒት አይተካም። እንደ አደይ አበባና ሱፍ ያሉ የዚሁ ቤተሰብ አበቦች አለርጂ የሚያስነሱበት ሰው ይጠንቀቅ። እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።