ግቢ ገብቶ መማር ወይስ በኦንላይን?

ደብረ ማርቆስ ያለው የአክስቴ ልጅ 12ኛን ጨርሶ «ግቢ ልግባ ወይስ በኦንላይን ልማር?» አለኝ። ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።

ግቢ ላቦራቶሪ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ወጪውንም በወጪ መጋራት ሥራ ስትይዝ ትከፍላለህ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው አለ። ባሕር ዳር ስማር ካልኩለስ የገባኝ ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ማታ ዶርም ውስጥ፣ ጓደኛዬ በካርቶን ጀርባ ላይ ግራፉን ሥሎ ሦስቴ ደጋግሞ ሲያስረዳኝ ነው። ይሄን ስክሪን አይሰጥህም።

ኦንላይን ደግሞ ከሥራህም ከቤተሰብህም አይነጥልህም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ሲዘጋ ጥቅሙን በደንብ አየነው። ኮርሴራን በመሰሉ መድረኮች የውጭ መምህራንን ትምህርት እዚሁ ቁጭ ብለህ ትከታተላለህ። ፈተናው መብራትና ኔትወርክ ነው። እኔ ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳሁ ነበር ቪዲዮ የማወርደው፣ ቀን ላይ መሃል ላይ ቀጥ ይላላ!

ዲግሪ ከሆነ የምትፈልገው፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ በየትኛውም መንገድ ተማር፣ እሱ አይቀርልህም።

ለአክስቴ ልጅ ግቢ ግባ ነው ያልኩት። ገና 18 ዓመቱ ነው፣ አብሮት የሚያጠና ሰው ያስፈልገዋል። ልጅ ይዛ ለምታስተምር መምህርት ግን ያለጥርጥር ኦንላይኑን እመርጥላታለሁ።