ለሥራም ለሩቅ ጉዞም፦ የቱሪንግ ወይስ የግራቭል ብስክሌት?

በአንድ ብስክሌት ሥራ ለመመላለስም ሩቅ ለመጓዝም የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቃ ጭኖ ለረጅም ጉዞ በተሠራው የቱሪንግ ብስክሌትና ለአስፋልትም ለጠጠር መንገድም በተሠራው የግራቭል ብስክሌት መካከል ያመነታል። የግራቭል ብስክሌት ቀላል ነው፤ ከትራፊክ መብራት ሲነሣ ፈጣን፣ ደረጃ ላይ ተሸክሞ ለመውጣትም የማያስቸግር። የቱሪንጉ አብዛኛውን ጊዜ ከብረት የተሠራና ከባድ ነው።

ታዲያ ከባዱን ለምን እመርጣለሁ? በተረከዝ ምክንያት! በቱሪንጉ ከፔዳሉ መዞሪያ እስከ ኋላ ጎማው እምብርት ያለው ርቀት 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በብዙዎቹ ግራቭሎች ከ42 እስከ 43። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ከኋላ ግራና ቀኝ ትልልቅ ቦርሳ ጭነው ሲነዱ ግን ተረከዝዎ በየዙሩ ቦርሳውን ሊመታ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲህ መንዳት ትዕግሥት ያስጨርሳል።

ጭነትዎ ከአንድ ላፕቶፕና ከቅያሪ ልብስ ካላለፈ ግራቭሉን ይግዙ፤ የዕቃ መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳ እንዳለው ብቻ አስቀድመው ይመልከቱ።