ዳትሰን 240ዜድ፣ ኤም.ጂ.ቢ. ወይስ ማዝዳ ማያታ? ለአሮጌ ስፖርት መኪና ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

አሮጌ የስፖርት መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የወጣትነት ትዝታውን በጋራዡ ማቆም፣ መኪናዋን በእጁ ፈታትቶ እንደ ልቡ ማሻሻል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ወደ ውድድር ሜዳ ወስዶ አቅሟን መፈተሽ ይፈልጋል። እነዚህን ምኞቶች ሁሉ እኩል የምታሟላ መኪና እስካሁን አላየሁም፤ ከመካከላቸው የትኛው እንደሚያይልበት አስቀድሞ ሳይወስን ገንዘብ ያወጣ ሰው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ መልሶ ሲሸጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ዳትሰን 240ዜድ፣ ኤም.ጂ.ቢ. እና የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ማያታ እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያና በአጎራባቾቹ ግዛቶች በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ ዘወትር የሚታዩ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ንጽጽርን በፈረስ ጉልበት መጀመር የተለመደ ቢሆንም ገዢን ያሳስታል። አምራቹ ለ240ዜድ የገለጸው 151 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ማዝዳ ለመጀመሪያዋ ማያታ የገለጸው 116 ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የተለመደው አለካክ ሞተሩ ማርሚታውንና ሌሎች ተቀጥላዎቹን ሳይሸከም ባዶውን የሚለካበት ስለነበረ፣ የዳትሰኗ ቁጥር በኋለኛው አለካክ ቢመዘን በጉልህ ይወርዳል። ሦስቱም መኪኖች ክብደታቸው አንድ ቶን ገደማ ስለሆነ፣ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ልዩነት የሚፈጥረው ከጉልበቱ ይልቅ ከሥር ያለው ሞላና አሞርዛተር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቆርቆሮው ጤንነት ነው። ሞተር በጥቂት ቀን ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ይመለሳል፤ የበሰበሰ አካል ግን በላመራ ሥራ የሚበላው ገንዘብ መጨረሻው አይታወቅም።

ዳትሰን 240ዜድ

በአገር ቤት ላደገ ሰው ዳትሰን የሚለው ስም በቅድሚያ የሚያስታውሰው ፒክአፕን ነው። 240ዜድ ግን ረጅም ኮፈንና አጭር ጀርባ ያላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን ሌላ ፍጥረት ናት። በ1969 መጨረሻ ለአሜሪካ ገበያ ስትቀርብ ዋጋዋ 3,526 ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ 2.4 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ ሁለት ካርቡራተር፣ ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ እንዲሁም ከፊትም ከኋላም እያንዳንዱ ጎማ ለየራሱ የሚታጠፍበት አሠራር ማግኘት በጊዜው እንግዳ ነገር ነበር። የፒት ብሮክ የእሽቅድድም ቡድን ያሰናዳትን 46 ቁጥር መኪና የነዳው ጆን ሞርተን የአሜሪካን ስፖርት መኪና ክለብ ብሔራዊ ሻምፒዮና በ1970 እና በ1971 በምድቡ አሸንፏል። ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን በጎረቤት የተሠራው ነው፤ 240ዜድ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1971 እና በ1973 ያሸነፈች ሲሆን፣ የሁለተኛው ድል ሹፌር ዩጋንዳ ውስጥ የተወለደው ሼካር መህታ ነበር።

ይህ ሁሉ ዝና አሁን በዋጋዋ ላይ ተጨምሯል። በ2020 መጀመሪያ አንዲት የ1971 ምርት በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር ከተሸጠች ወዲህ፣ በዶሮ ቤት ጥግ ቆማ የበሰበሰች 240ዜድ ያለው ሰው ሁሉ የእሱም ያችን የምታህል ይመስለዋል። ገዢው ግን የባትሪውን ማስቀመጫ ይመልከት፤ ከባትሪው የሚንጠባጠበው አሲድ ከሥሩ ያለውን ተሸካሚ ብረት ስለሚበላው፣ እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ቀለም ካየ ለምን እንደተቀባ መጠየቅ ይኖርበታል። ቀጥሎ ወለሉን ምንጣፉን ገልጦ፣ ከዚያም ከበሩ በስተኋላ እስከ ኋላ ጎማው ያለውን የጎን ቆርቆሮ ይመርምር። መስኮት ከፍቶ ሲነዳት የጭስ ሽታ ወደ ውስጥ ከገባ የኋላው መዝጊያ ወይም የኋላ መብራቶቹ ጎማ አርጅቷል ማለት ነው፤ ይህ ለብዙዎቹ የተለመደ ጉድለት ሲሆን፣ ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ ከግዢ የሚያስመልስ አይደለም።

ለማሻሻል ከሦስቱም የተመቸች እሷ ናት። በአሜሪካ የተሸጡት 240ዜዶች ባለ አራት ማርሽ ስለነበሩ፣ ከኋለኛዋ 280ዜድ የተወሰደ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ መግጠም የመጀመሪያው ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያው ቤተሰብ የሆነው 2.8 ሊትር ሞተርም ያለ ብዙ ድካም ይገባል። የ1973ቱን ካርቡራተሮች አውልቀው በቀደሙት የሚተኩ ባለቤቶች ብዙ ናቸው፤ ልክም ናቸው። ስምንት ሲሊንደር የአሜሪካ ሞተር የሚያስገቡም አሉ፤ ውጤቱ ፈጣን መሆኑን ባልክድም፣ የዚያች መኪና ጠባይ ያለው በስድስቱ ሲሊንደር ድምፅ ውስጥ ስለሆነ እኔ አልመክረውም። ዋጋዋ ከአቅም በላይ ከሆነ ከ1975 እስከ 1978 የተመረተችውን 280ዜድ መመልከት ይገባል፤ ፓራውልቷ ግዙፍ፣ ክብደቷም የበለጠ ቢሆንም በካርቡራተር ፈንታ የነዳጅ መርጫ ስላላት በክረምት ጠዋት ያለ ልመና ትነሣለች።

ኤም.ጂ.ቢ.

ኤም.ጂ.ቢ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተች በመሆኗ ብርቅ አይደለችም፤ ዋጋዋም ከዳትሰኗ በብዙ ያነሰው በዚሁ ምክንያት ነው። 1.8 ሊትር ሞተሯ ከእርሻ ትራክተር ብዙ የማይለይ አሠራር ያለው፣ ከኋላ በባሌስትራ ላይ የምትቀመጥ፣ ማንኛውም ትዕግሥት ያለው ሰው በመደበኛ ቁልፎች ፈትቶ ሊገጥማት የሚችል መኪና ናት። በ1963 የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር አንዲት ኤም.ጂ.ቢ. ገና በጅማሬው አሸዋ ውስጥ ተቀርቅራ፣ ሹፌሯ ቆፍሮ እስኪያወጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ባክኖበት እንኳ፣ 12ኛ ሆና ጨርሳለች፤ ስለ ጽናቷ ይህ ይበቃል።

ስትመርጡ ዓመቱን ልብ በሉ። ከ1968 እስከ 1974 አጋማሽ የተመረቱት ብረት ፓራውልት ያላቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካን የደኅንነት ደንብ ለማሟላት ጥቁር የጎማ ፓራውልት ተገጠመላቸው፣ ቁመታቸውም ከፍ ተደረገ፤ በመሆኑም በመታጠፊያ ላይ ይበልጥ ያዘነብላሉ። ከ1975 ጀምሮ ለአሜሪካ የተላኩት ደግሞ በሁለት ካርቡራተር ፈንታ አንድ ብቻ ስለተገጠመላቸው ጉልበታቸው ወደ 62 ወርዷል። ለመዝናኛ ጉዞ ብቻ ለሚፈልጋት ሰው እነዚህ በርካሽ የሚገኙ መልካም መኪኖች ናቸው፤ ለውድድር ግን አይመረጡም።

የእኔ የመጀመሪያዋ የ1972 ምርት ነበረች። ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቸርኬዋ ባለ ሽቦ፣ ሞተሯም በአንድ ንክኪ የሚነሣ ስለነበረ፣ ሻጩ ያለኝን ሁሉ አምኜ በዚያው ቀን ከፈልኩ። ቤት አድርሼ ዘይት ለመቀየር በአንድ ጎን በክሪክ ሳነሣት የሹፌሩ በር አልከፈት አለኝ። ጣራዋ ተከፋች የሆነች መኪና ጥንካሬዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከበሮቿ ሥር ከሚያልፈው ደፍ ነው፤ ደፉ ከበሰበሰ መኪናዋ መካከሏ ላይ ስለምትታጠፍ የበሩ ክፍተት ይጠባል። የላመራ ባለሙያው ደፉን በመዶሻ ጫፍ ነካ ሲያደርገው የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ልክ እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ተሰብሮ ወደቀ፤ ከሥሩ የነበረው ቆርቆሮ ሳይሆን የተጣጠፈ የሽቦ ወንፊት ነበር። ሁለቱን ደፎች ቆርጦ አዲስ መበየድ ከመኪናዋ መግዣ ዋጋ በለጠ። በጨርቅ የተጠቀለለ አንዲት ማግኔት ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ማግኔቷ ደፉ ላይ ሳትያዝ መውደቋ ብቻ ሁሉን ይነግረኝ ነበር።

የሚያጽናናው ለዚህች መኪና የማይገኝ መለዋወጫ አለመኖሩ ነው። ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አካሏ እንኳ በመጀመሪያዎቹ የፋብሪካ ማተሚያዎች ዳግም ሲመረት ቆይቷል። ለማሻሻል የሚያወጡት ገንዘብ ካለ በቅድሚያ በረጅም መንገድ ላይ የሞተሩን ጩኸት ለሚቀንሰው፣ ኦቨርድራይቭ ለሚባለው ተጨማሪ የማርሽ መሣሪያ ይዋል፤ ቀጥሎ የነዳጅ ቱቦዎቿን ኢታኖል በሚችል ጎማ መተካት ግዴታ ነው። ዘይቷም ዚንክ የበዛበት መሆን አለበት፤ የዘመኑ ተራ ዘይት የካምሻፍቷን ጉብታዎች ከመፋቅ በበቂ አይጠብቃቸውም።

ማዝዳ ማያታ

በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት የታየችው ማያታ በ13,800 ዶላር መነሻ ዋጋ ስትሸጥ፣ ማዝዳዎች የእንግሊዞቹን ትናንሽ ተከፋች መኪኖች ደስታ፣ በተለይም የሎተስ ኢላንን ቅልጥፍና፣ ያለ ዘይት መንጠባጠብና ያለ ኤሌክትሪክ ጣጣ ለማቅረብ አስበው ነበር፤ አደረጉትም። ለእኔ ዕድሜ ሰው አሮጌ መኪና አትመስልም፤ ነገር ግን የ1990ዎቹ መጀመሪያ ምርቶች በብዙ ግዛቶች የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ለማግኘት የሚጠየቀውን 25 ዓመት ካለፉ ቆይተዋል።

ድክመቶቿ ጥቂትና የታወቁ ናቸው። በ1990 እና በ1991 መጀመሪያ የተመረቱት ባለ 1.6 ሊትር ሞተሮች የክራንክ ሻፍታቸው ጫፍ አጭር ስለሆነ፣ መዘውሩን የያዘው ቦልት በትክክል ካልጠበቀ ጫፉ ሊበላሽና ሞተሩን ከጥቅም ውጭ ሊያደርገው ይችላል። ከፊት ያለው መዘውር አራት ክፍተት ካለው አሮጌው ነው፣ ስምንት ካለው የተሻሻለው ነው። የታይሚንግ ቺንጋዋ በ60,000 ማይል መቀየር ቢኖርበትም፣ ቢበጠስ እንኳ ቫልቮቹን አያጣምምም። የጣራው የውኃ ማስወገጃ ቀዳዳ በቅጠል ሲደፈን ውኃው ከኋላ ጎማ ፊት ባለው ደፍ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ እሷም ብትሆን የምትበሰብሰው በዚያው ነው። 1.8 ሊትር ሞተር የተገጠመላቸው ከ1994 ወዲህ ያሉት ናቸው፤ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እነሱን እመርጣለሁ።

በውድድር ሜዳ

ለጀማሪ የሚመከረው አውቶክሮስ ነው፤ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ በኮን በተሠራ መንገድ አንድ አንድ መኪና በየተራ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይነዳል፣ ለተመታ ኮን ሁሉ ሁለት ሰከንድ ይጨመራል። ለዚህ ሦስቱም መኪኖች በቂ ናቸው፤ ደስታ የምታበዛው ግን ማያታ ናት፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ሮጣ ማታ ሳትሞቅና ሳትቆም ቤት ታደርሳለች። በምዕራብ ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሰሚት ፖይንት ወይም በ1957 ተከፍቶ በ1974 ከተዘጋ በኋላ በ2000 ዳግም ወደተከፈተው ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ለመግባት የፈለገ ሰው ግን ተከፋች ጣራ ባላቸው መኪኖች ላይ መኪናዋ ብትገለበጥ የሹፌሩን ራስ የሚጠብቅ የብረት ቅስት መግጠም እንዳለበት ብዙ አዘጋጆች ይጠይቃሉ። ማሟላቱ የሚረጋገጠው በመጥረጊያ እንጨት ነው፤ እንጨቱ ከቅስቱ አናት እስከ ፊት መስተዋቱ አናት ሲጋደም የሹፌሩ ሄልሜት ከሥሩ መቅረት አለበት። ረጅም ሰው በማያታ ውስጥ ይህን ላያልፍ ስለሚችል ቅስቱን ከመግዛቱ በፊት ይለካ።

እውነተኛ እሽቅድድም ለሚመኝ ሰው ስፔክ ማያታ የሚባለው ምድብ አለ፤ ሁሉም ተወዳዳሪ በደንብ የተወሰነ አንድ ዓይነት ሞላ፣ አሞርዛተርና ጎማ ስለሚጠቀም ገንዘብ ያለው ሰው የሌለውን በቀላሉ አይበልጥም። ከአወዳዳሪዎቹ አንዱ ናሳ ይባላል፤ የጠፈሩ አይደለም። ዳትሰኗና ኤም.ጂ.ቢ. ግን ቤታቸው የጥንታዊ መኪኖች ውድድር ነው። እዚያ ከማሸነፍ ይልቅ የሌላውን መኪና አለመንካት ይከበራል፤ ንክኪ የፈጠረ ሹፌር ይታገዳል። ተራ የኢንሹራንስ ውል በሜዳ ላይ የሚደርስን ጉዳት እንደማይሸፍን፣ የአሮጌ መኪና ውልም ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት ተጽፎ ካልተቀመጠ ብዙም እንደማይጠቅም መታወቅ አለበት። በቨርጂኒያ የጥንታዊ ሰሌዳ ያወጣ ሰው ደግሞ መኪናዋን በየቀኑ ለሥራ መመላለሻ ማድረግ አይፈቀድለትም። ከጊዜ በኋላ ወደ አገር ቤት እልካታለሁ ብሎ ለሚያስብም፣ ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪኖችን ማስገባት ከልክላለች።

ስለዚህ ከእኔ ምክር ለሚጠይቅ ሰው መልሴ አንድ አይደለም። ሜዳ ላይ መዋል የሚፈልግ የ1994 ወይም ከዚያ በኋላ ያለችውን ማያታ ይግዛ። በእጁ እየሠራ ቅዳሜውን ማሳለፍ የሚፈልግ ደፏ ደኅና የሆነች የ1968 እስከ 1974 ኤም.ጂ.ቢ. ይፈልግ። 240ዜድን የሚመኝ ሰው ደግሞ ከካሊፎርኒያ ወይም ከአሪዞና ደረቅ አየር የመጣች፣ ሌላ ሰው ገንዘቡን አፍስሶ የጨረሳትን ይግዛ እንጂ ራሱ ለማደስ አይጀምር። በሻሲዋና በሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ኤች.ኤል.ኤስ. 30 ብሎ መጀመሩንና እርስ በርሱ መመሳሰሉንም ያረጋግጥ። ከማናቸውም ያወለቁትን ኦሪጅናል ዕቃ ሁሉ ጽፈውበት በካርቶን ያስቀምጡ፤ ቀጣዩ ገዢ በቅድሚያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ለማየት ሲሄዱ ማግኔት፣ የእጅ ባትሪና ክሪክ ይያዙ፤ ሻጩ መኪናዋን በክሪክ ማንሣት ከከለከለ ስለ ዋጋ መነጋገር ሳያስፈልግ መመለስ ነው።