የፒተር ሎሬ ፊርማ አለበት ተብሎ የሚሸጥ ፎቶግራፍ ለመግዛት ላሰባችሁ ሁሉ

አሮጌ የፊልም ተዋንያን ፎቶግራፎችን በኢንተርኔት የምትገዙ ወገኖቼ፣ ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው አንድ ወዳጄ 800 ዩሮ ከፍሎ የገዛውን ፎቶግራፍ እንዳይለት አምጥቶልኝ በጥንቃቄ ከመረመርኩት በኋላ ነው። ሻጩ እንደሚለው፣ አይሁዳዊው ተዋናይ ፒተር ሎሬ ከናዚዎች ለማምለጥ በርሊንን ሊለቅ በተዘጋጀበት ምሽት ፎቶግራፉን ፈርሞ ለጎረቤቱ ሰጥቷታል። ከፊርማው ሥር «በርሊን፣ 1936» ተብሎ ተጽፏል፤ ማኅተም ያረፈበት የትክክለኛነት ማረጋገጫም አብሮት መጥቷል።

ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ከተዋናዩ ሕይወት ጋር ግን ፈጽሞ አይገጥምም። በትውልድ ስሙ ላስሎ ሎቨንስታይን የሚባለው ሎሬ እ.ኤ.አ. በ1904 ዛሬ ስሎቫኪያ በሆነው ምድር ተወልዶ፣ በ1931 በፍሪትስ ላንግ ፊልም ውስጥ ልጆችን የሚገድል ሰው ሆኖ በመጫወት ታላቅ ዝና ያገኘ ሲሆን፣ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከበርሊን ወጥቶ፣ ፓሪስንና ለንደንን አቋርጦ በ1934 አሜሪካ ገብቷል። ስለዚህ በ1936 ከበርሊን ሊሰደድ የሚሰናዳ ሎሬ አልነበረም። ናዚዎች በ1940 ባወጡት ፀረ አይሁድ የፕሮፓጋንዳ ፊልም ውስጥ ከዚያው ከ1931ዱ ሥራው ትዕይንት ቆርጠው በማስገባት ፊቱን ለጥላቻ መቀስቀሻ አድርገውታል። የዚህ ሰው ስደት ዛሬ ደግሞ የሐሰት ዕቃ ዋጋ ማስወደጃ መሆኑ በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ፎቶግራፉን ወደ መብራት አዘንብዬ በማጉያ መነጽር ሳየው፣ ፊርማው ወረቀቱን ተጭኖ ቀጭን ቦይ አውጥቷል፤ በኩርባዎቹ ላይም ቀለሙ እዚህም እዚያም ተጠራቅሟል። ይህ የእስክሪብቶ እንጂ በቀለም የሚሞላ ብዕር ምልክት አይደለም። እስክሪብቶ በኒው ዮርክ ለገበያ የቀረበው ደግሞ በ1945 መጨረሻ ላይ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት መብራት ሳበራበት ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ አበራ፤ እንዲህ የሚያበራው ማንጫ ኬሚካል በፎቶግራፍ ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አካባቢ ነው። አለማብራቱ ብቻውን የወረቀቱን አሮጌነት እንደማያረጋግጥ ግን ልብ በሉ፤ በኋላም ቢሆን ማንጫ የሌለባቸው ወረቀቶች ተመርተዋል።

የማረጋገጫ ወረቀቱን ያዘጋጀው ራሱ ሻጩ በመሆኑ፣ እኔ ምንም ዋጋ አልሰጠውም። በምትኩ ፎቶግራፉ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ የሚያሳይ የጨረታ ደረሰኝ ወይም የቆየ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ፊርማውም አስቀድሞ ከታወቀ የሎሬ ፊርማ ጋር መስመር በመስመር ልክክ ካለ ተጠራጠሩ፣ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምምና።

እውነተኛ የሎሬ ፊርማዎች በእርግጥ አሉ። እስከ ሞተበት እስከ 1964 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል፤ በ1951 ለሕዝብ የቀረበውን ፊልም ለማዘጋጀትም ወደ ጀርመን ተመልሶ ነበር። በዚያን ወቅት ጀርመን ውስጥ በእስክሪብቶ የተፈረመ ፎቶግራፍ ቢያጋጥማችሁ፣ እስክሪብቶው ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም።

የወዳጄ ሻጭ ክፍያው በቀጥታ በባንክ እንዲላክለት አጥብቆ ጠይቆ ነበር። ለገዢው ዋስትና በማይሰጥ መንገድ አትክፈሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በአብዛኛው በ14 ቀናት ውስጥ መመለስ ይቻላል፤ ሻጩ ነጋዴ ያልሆነ ግለሰብ ከሆነ ግን ይህ መብት የለም። እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ አሁን በእጃችሁ ካለ፣ የሻጩን መግለጫ ከነሥዕሉ፣ የተላከበትን ፖስታና የመልእክት ልውውጡን አስቀምጡ፤ ለባንካችሁና ለፖሊስም ሳትዘገዩ በጽሑፍ አመልክቱ።